ከባሕሩ ማዶ ያለው መጸዳጃ ቤት

የዝናሽ በአርባ አምስት ዓመቷ ፊደል ቆጥራ፣ የጎልማሶች ትምህርት መምህሯ ለመለማመጃ የሰጧትን የመጽሔት ገጽ ያለ ማንም እርዳታ አንብባ በጨረሰችበት ዕለት፣ በአሶሳ አዲስ የልማት ምዕራፍ ተከፈተ፤ ከተማዋ ግን አልሰማችም።

ገጹ ስለ ጃፓን የአትክልት ስፍራ ነበር። አእምሮን ያረጋጋል፤ የጃፓን ተክል ባይገኝ የአካባቢው ይበቃል፤ ጸጥታ የሚያውክ ነገር ሁሉ ይወገድ ይላል። ሰው መጀመሪያ ያነበበውን ነገር አይጠራጠርም። በዚያ ላይ ልጇ ቤዚ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷት፣ ደብተር በገለጠች ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እቅዱ በዕለቱ ወደ ተግባር ተሸጋገረ። ከወንዝ ዳር ሽመል የሚሉት የቆላ ቀርከሃ ተነቅሎ መጥቶ ተተከለ። የዋንዛ ችግኝ መቶ ዓመት የኖረ እንዲመስል በገመድ ተጎትቶ ጎበጠ። ደጁ ላይ አሸዋ ተደፍቶ፣ በእንጨት ማዕበል ተሰምሮለት፣ ባሕር ተባለ፤ ባሕር በመሆኑም መርገጥ ተከለከለ። መጸዳጃ ቤቱ ከባሕሩ ማዶ ስለቀረ፣ ባሏ ደባልቄ በጎረቤታቸው በሀምዲያ ግቢ ዞሮ መሄድ ጀመረ።

ሀምዲያ የሰውየውን መመላለስ ምክንያት ልታጣራ መጣች።

«የዝናሽ፣ ይሄን ሽመል ለምን ተከልሽው?»

«ለማየት።»

ሀምዲያ አጥሩን አየች፤ ሽመል ነው። የጣራውን ማገር አየች፤ እሱም ሽመል ነው።

«እሺ» አለች። «የሚበላው ቡቃያ ሲወጣ ንገሪኝ፣ ወጥ እንሠራበታለን።»

የማስወገዱ ሥራ ቀጠለ። ባሕሩን የጫሩ ዶሮዎች ወደ ሀምዲያ ግቢ ተዛወሩ። የደባልቄ ሬዲዮ ተዘግቶ ወደዚያው ተላከ፤ ደባልቄም ሬዲዮውን ተከትሎ ዶሮዎቹ ዘንድ ሄደ። ቤዚ ከጎባጣው ዋንዛ አጠገብ ተቀመጠች፤ እናቷም በርጩማዋን አስጠግታ ጸጥታውን ታስከብር ጀመር። ወፍ ሲጮህ አጨበጨበች። ልጅቷ ገጽ ስትገልጥ «ገባሽ?» አለቻት። ስትተነፍስ «ምነው፣ ከበደሽ?» አለቻት። የልጅቷ እጅ ከበፊቱ ብሶ ተንቀጠቀጠ።

በአምስተኛው ቀን ቤዚ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«እማ፣ እስቲ ያንን ገጽ አንብቢልኝ።»

የዝናሽ በኩራት ጣቷን እየጎተተች አነበበች። «ጸጥታ... የሚያውክ... ነገር ሁሉ... ይወገድ።»

«ሁሉም ተወግዷል?»

እናት ዙሪያዋን ቃኘች። ዶሮ የለም። ሬዲዮ የለም። ባል የለም። መጨረሻ ላይ የተቀመጠችበትን በርጩማ አተኩራ አየችው። ከዚያ አንሥታ ታቀፈችውና፣ ባሕሩን በመሐል ረግጣ፣ ከግቢው ወጣች።

የአትክልት ስፍራው በዚህ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ተጠናቀቀ። የቤዚ እጅ ጸና፤ ሦስት ገጽ በተከታታይ ተገለጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ፍጹም ጸጥታ ከሰፈነ በኋላ፣ በሽመል አጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይን ታየና፣ አጥሩ በሹክሹክታ ተናገረ፦

«ቤዚዬ፣ ተረጋጋሽ?»