ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ቤት

ሰው ሲሸለም ማጨብጨብ እወዳለሁ። ቅናት አይነካካኝም አልላችሁም፤ ይነካካኛል፤ ግን አጨበጭባለሁ። እስካሁን ያልገባኝ፣ አጥኚው መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ያ ያጠናው ነገር በዚያች ሰዓት ምን ላይ እንዳለ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። እኔም የአጎቴ የአያ ይመር ቤት ነገር ባይመጣ አልጠይቅም ነበር።

አያ ይመር አምባሰል ተረተር ሥር፣ አያቶቻቸው ባቆሙት ክብ የድንጋይ ቤት የኖሩ ገበሬ ናቸው። በሩ አጭር ነበር። ሼኩም፣ ቄሱም፣ የመንግሥት ሰውም ጎንበስ ሳይል አይገባም፤ ያልጎነበሰ ግንባሩን እያሻሸ ይገባል። ወይ ያቺ በር! ስንቱን ኩራተኛ አስጎንብሳለች።

አብሮ አደጌ መኮንን፣ የሐይቅ ልጅ፣ ውጭ አገር የሕንፃ ታሪክ ሲማር ለዶክትሬቱ የመረጠው ይህንኑ ቤት ነው። አንድ በጋ ሙሉ ሜትር ይዞ እዚያው ዋለ አደረ። የአያ ይመር ሚስት እትየ ዘይነባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ “ለሜትር ብዬ ከመደቤ አልነሳም!” ስላሉት እሳቸውን እየዞረ ለካ።

ጥናቱ ከሁሉ የላቀ ተባለና አዲስ አበባ ላይ ሜዳሊያ ተሰጠው። እኔም ከሐይቅ ድረስ ሄጄ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። “ይህማ የቤቱ ነው፤ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ” ብሎ መኮንን ሜዳሊያውን ይዞ አብረን መጣን። ቤት የለም። ለካ እኛ በምናጨበጭብበት ሳምንት፣ መንደር ምሥረታ ተብሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አስፈርሶታል። አያ ይመርን ሜዳው ላይ በመስመር ከተደረደሩት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ አገኘናቸው።

መኮንን አለቀሰ። አጽናኙ አያ ይመር ሆኑ።

“አብሽር ልጄ። ቤቱ አንተ ዘንድ አለ አይደል? እስቲ አሳየኝ።”

ንድፉን ዘረጋላቸው። ጣታቸውን ይዞ በሩ ላይ አሳረፈላቸው። ጣታቸው በበሩ ገባ፣ ዞረ፣ መደቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። “ዘይነባ እዚህ ነበረች” አሉ። ሜዳሊያውን ሊሰጣቸው ቢዘረጋ፣ ለእናቱ እንዲሰጥ መርቀው መለሱለት። ንድፉን ግን አልመለሱም።

ከወራት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጓሮ ናቸው። በንድፉ ልክ ከጉልበት የማያልፍ ድንጋይ በክብ ደርድረው፣ መሀሉ ላይ ተቀምጠዋል። የእትየ ዘይነባን መደብ ቦታ ባዶውን ትተውታል። ልስማቸው ብዬ ድንጋዩን ስሻገር ጮኹብኝ።

“አንተ! በግድግዳ ይገባል እንዴ? በበር ና እንጂ!”

ዞሬ በር ብለው በተዉት ክፍተት ገባሁ። ናፍቆት እንዲህም ያደርጋል ለካ፣ አልኩ በሆዴ።

ወዲያው ያ ያስፈረሰው ሊቀመንበር ለስብሰባ ሊጠራቸው መጣ። ይህንንም ሊበትነው ነው ብዬ ሰጋሁ። ሰውየው ድንጋዮቹን አየ። አያ ይመርን አየ። ከዚያ ዞሮ ክፍተቱ ጋ ቆመና “ቤቶች!” ብሎ ተጣራ።

“ግባ” አሉት።

ቆቡን አወለቀ፤ ከሰማይ በቀር ምንም በሌለበት፣ ጎንበስ ብሎ ገባ።