ጤነኛ ሊጠይቁ የመጡ በሽተኞች

እኛ ሰዎች ከታመመ ሰው የሚርቅ ክፉ ሰው ብቻ ይመስለናል። ሐኪም «አትጠጉት» ቢለን እንኳ፣ «እሱ ምን ያውቃል፣ ይሉኝታ የለው» ብለን ብርቱካናችንን አንጠልጥለን እንሄዳለን። እናንተም ሄዳችኋል፣ አትካዱ።

ባለፈው ጥር ፍሉ የሚሉት ኃይለኛ ጉንፋን ቤት ለቤት ሲዞር፣ እኛ በፈረንጅ አገር፣ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ባለችው አፓርትመንታችን የሁለት ወር ሕፃን ታቅፈን ነበር። ባለቤቴ ሰብለ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው። «ሕፃኑ ለክትባት አልደረሰም፤ እኛ ነን መከተብ ያለብን» ብላ እሷና የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሶስና ተከተቡ። እኔ «ሥራ በዝቶብኛል» አልኩ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ... መርፌ እፈራለሁ።

በዚህ መሃል እንደ አባት የምናያቸው ያገራችን ሰው ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ዉድበሪ የምትባል ጎረቤት ከተማ ይኖራሉ፤ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሊጠሩን ነው። ጠርተውን ሳይጨርሱ ሦስት ጊዜ ሳሉ።

«አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ አለርጂ ነው» አሉኝ። በረዶው ጉልበት ድረስ ተቆልሎ የምን አበባ እንዳስነጠሳቸው እንጃ።

ሰብለ «ሕፃን ይዘን አንሄድም። እውነቱን ንገራቸው» አለችኝ። ትልቅ ሰውን «ስለሚያስሉ ፈራንዎት» ማለት ከበደኝ። የክርስትናው ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደወልኩና ድምፄን አጎርንኜ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ፍሉ ይዞኛል፤ እንዳላስተላልፍባችሁ ብዬ ነው የቀረሁት» አልኩ። በብልጠቴ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ ከነባለቤታቸው፣ ከነእንግዶቻቸው፣ ዘጠኝ ሆነው ድፎ ዳቦ ይዘው ቆመዋል። ከዘጠኙ አምስቱ ይስላሉ። ሰብለ ሕፃኑን ይዛ መኝታ ቤት ገብታ ቆለፈች። እኔ ሶፋው ላይ ተጠቅልዬ ማቃሰት ያዝኩ። ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ሳሙኝ። ጋሽ ታደሰ ግንባሬን ዳበስ አድርገው «በርዶልሃል» አሉ፤ እጃቸው እንደ ፍም ይፋጅ ነበር። ከዚያ ፊቴ ላይ አስነጠሱ።

ይሄኔ ሶስና፣ «ዳዲ ኢዝ ኖት ሲክ» አለች፤ አባዬ አልታመመም ማለቷ ነው።

ሁልጊዜ «እንግሊዝኛ አይገባኝም» የሚሉት ጋሽ ታደሰ ይቺ ገባቻቸው። «ውሸትህን ነው እንዴ?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ሰብለ ከበሩ ጀርባ ሆና መለሰችልኝ። «ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ። ሕፃን አለን፤ ሲያስሉ ሰምተን ፈርተን ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። «እኔስ ብትሉ ከትናንት ጀምሮ ሲያንቀጠቅጠኝ ነው ያደረው። ድግሱ ከተደገሰ፣ ሰው ከተጠራ በኋላ አሞኛል ማለት አፍሬ ነው» አሉና እንግዶቻቸውን ነድተው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ወደቅሁ። ሰብለ መኝታ ቤት ዘግታብኝ፣ ሾርባዬን በር ላይ እያስቀመጠች ታንኳኳለች። እሷም፣ ሶስናም፣ ሕፃኑም ደህና ናቸው። በቤቱ ውስጥ ያልተከተበው ጀግና ብቻ ነው የሚያቃስተው።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ታደሰ ደወሉ።

«እንዴት ነህ ልጄ?»

«ታምሜያለሁ።»

«የእውነት?»

«የእውነት።»

«እንግዲያው አልመጣም» አሉኝ።

በሕይወቴ እንዲህ ፍቅር የሞላበት ቃል ሰምቼ አላውቅም።