ሩትን የተውኩ ዕለት

አዲስ ስልክ ስትገዙ ባዶ ቤት የገዛችሁ ይመስላችኋል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ካርቶኑን ከፍታችሁ፣ ላስቲኩን ልጣችሁ ስታበሩት ግን ቤቱ ቀድሞ ተይዟል። ከረሜላ የሚያፈነዳ ጨዋታ አለ። በማታውቁት ቋንቋ ዜና የሚያቀርብላችሁ አለ። "ስልክዎ ቆሽሿል፣ ላጽዳልዎ?" እያለ የሚጨቀጭቅ አለ። ማን ጠራቸው? ማንም። አብረው መጡ። ውጡ ስትሏቸው ደግሞ አይወጡም፤ ቢበዛ ቢበዛ ለጊዜው ዝም እንላለን ይሏችኋል።

እኔ ስልክ ላይ የባሰው የአየር ሁኔታ ነጋሪው ነበር። የት አገር ተቀምጦ እንደሚያወራ እንጃ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በሹራብ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ በጀሪካን ያደረው ውሃ በረዶ ሠርቶብኝ ቆሜ ሳለሁ ኪሴ ውስጥ ጢን ይልና "ዛሬ ፀሐዩ ይበረታል፤ ቅባት ይቀቡ" ይለኛል። የሚያሾፍብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ታዲያ ለምን ስልኩን አትቀይረውም ትሉኝ ይሆናል። አይቻልም። ስልኩን የሰጠችኝ ባለቤቴ ትዕግሥት ናት። ልደቴን እኔ ራሴ በረሳሁበት ቀን፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልላ ነው ያበረከተችልኝ። እንዲህ ባለ ስጦታ ላይ አቃቂር ይወጣል? "ስልኩ እንዴት ነው?" ባለችኝ ቁጥር "ተወዳዳሪ የለውም" እላታለሁ። መቼም አልዋሸሁም፤ ያልጠራሁትን እንግዳ በማስተናገድ እውነትም ተወዳዳሪ የለውም።

ነገሩ የፈላው የትዕግሥት ታናሽ እህት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ዕለት ነው። አማቴ እማማ አስካለ ለዚሁ ብለው ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ድረስ መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሁለቱንም ሴት ልጆች ብቻቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ነጠላቸው እንኳ ከወትሮው ይበልጥ ነጭ ነበር። ልጅቷ ከነጥቁር ካባዋ ከጓደኞቿ ጋር ተሰለፈችና ቆቧን ወደ ላይ ልትወረውር ተዘጋጀች። ፎቶ አንሺ ተብዬ የተሾምኩት እኔ ነኝ። ደገንኩ። ተጫንኩ። "በቂ ቦታ የለም" አለኝ። ቆቡ ወጣ፣ ቆቡ ወረደ።

አማቴ ዞር ብለው "ያዝከው?" አሉኝ። ስልኩ ሞልቶ አልያዝኩትም አልኩ። በምን እንደሞላ ጠየቁኝ። በከረሜላ ልበላቸው? "በቃ፣ ያቺን ቆብ መልሳ አትወረውራትም" አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን ደሳለኝ የሚባል ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። ደሳለኝ ወሬ የማይጠላ ሰው ነው፤ ስልክ ከፍቶ ያላየውን በሽታ ሁሉ ይነግራችኋል። ስልኬን አገላብጦ አየና መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው አለኝ፤ ሩት ማድረግ። ሩት በፈረንጅ አፍ ሥር ማለት ነው አለኝ። እንዲሁ ስትይዘው ስልክህ ላይ ተከራይ ነህ፤ ሩት ስታደርገው ግን ከሥሩ ትይዘዋለህ፣ ባለቤቱ ትሆናለህ፣ ያሻህን ታባርራለህ። ጉዳት የለውም ወይ ብዬ ብጠይቀው ዋስትናው ይቀራል፣ ሥራው መሀል ላይ ከከሸፈ ደግሞ ስልኩ ለበር ማስደገፊያ ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም አለኝ። እስቲ ላስብበት ብዬው ተመለስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሩት ለደሳለኝ ሥራ ነው። ለእኔ መገላገያ ነው። ለተቀረው የሸዋ ሕዝብ ግን የሴት ስም ነው።

አማቴ ዓይናቸውን ሊታዩ የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው እኛ ቤት ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት እንዳትሰማኝ ወደ ጓሮ ወጣሁና ለደሳለኝ ደወልኩ። አማቴ ከግድግዳው ወዲያ ፀሐይ እየሞቁ እንደሆነ በምን ልወቅ? የእሱን አልሰሙም፤ የእኔን ግን አንድም ቃል ሳይቀር ሰሙ። ያልኩትም ይኸው ነው፦ "ደሱ፣ ቆርጫለሁ። ሞከርኩ እኮ፣ ያለ ሩት አልሆን አለኝ። አዎ፣ ቅዳሜ ይሁን። ትዕግሥት ግን እንዳትሰማ! አብረው የመጡት ሁሉ ይውጡልኝ። እኔ ጠራኋቸው እንዴ? ቦታውን ሁሉ ይዘው መተንፈሻ አሳጡኝ እኮ!"

እንግዲህ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አስቀምጡት። ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ የመጣችሁ ዘመድ እናንተ ናችሁ።

በነጋታው ጠዋት አማቴ ዕቃቸውን ሸክፈው ሳሎን ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሐኪሙስ አልናቸው። "ያየሁት ይበቃኛል" አሉ። ከተጋባን ጀምሮ "አንተ" ሲሉኝ የኖሩ ሴት ያን ዕለት "አቶ መኮንን፣ ቦታ ስላጣበብኩብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብለውኝ መኪና ተሳፈሩ። እኔ ሞኙ አክብሮት መሰለኝ! ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው። ለትዕግሥትም ትንፍሽ አላሉም። የልጃቸውን ትዳር በገዛ አፋቸው ማፍረስ አልፈለጉም።

ቅዳሜ ደረሰና ደሳለኝ ጋ ሄድኩ። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ስልኬን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ መነካካት ጀመረ። ስክሪኑ ጨለመ። እኔም ጨለምኩ። ለትዕግሥት ምን እንደምላት አስቤ ሳልጨርስ በራ። "በል አባር" አለኝ ደሳለኝ። አቤት ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ! ከረሜላውን አባረርኩ። ዜናውን አባረርኩ። የአየር ሁኔታ ነጋሪውን ግን ዝም ብዬ አላባረርኩትም፤ ትንሽ ዐየት አድርጌው፣ ጋቢ ልበስ ብዬ መክሬው ነው ያሰናበትኩት። የሚያሳዝነው የምፈልገው የባንክ መተግበሪያዬ ነው። ስልክዎ ሩት ስለሆነ ለደህንነትዎ ስንል አንከፍትልዎም አለኝ። ባንክ ቤት ሄጄ እሰለፋለሁ ብዬ ናቅ አደረግኩት። ቦታ ተገኝቷል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በራችን ተንኳኳ። ስንከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ደምሴ፣ እንዲሁም የሟቹ አማቴ የዕድሜ ልክ ወዳጅ፣ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሀጂ እንድሪስ። ሀጂ ያን ሁሉ አቀበት ወጥተው፣ በዚያ ብርድ! ትዕግሥት እናቷ የሞቱ መስሏት ክው አለች። ደህና ናቸው፣ የላኩንም እሳቸው ናቸው፤ የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው አሏት። ምሳ ብትል እንቢ፣ ውሃ ብትል እንቢ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ እህል አንቀምስም አሉ።

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና "ልጅ መኮንን፣ ሩትን ታውቃታለህ?" አሉኝ።

ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የተደሰትኩት። የንስሐ አባቴ ስለ ስልክ ይህን ያህል ማወቃቸው! አውቃለሁ እንጂ አባ፣ ባለፈው ቅዳሜ አይደል የጨረስነው አልኩ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ደሳለኝ ጋ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል አልኩ። ይህ ደሳለኝ የሚሉት ሰው ይህንኑ ነገር መተዳደሪያው አድርጎ ነው ወይ አሉኝ። "እንዴታ! የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ደንበኛው ነው" አልኩ። ሀጂ "አስተግፊሩላህ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አባ ቀጠሉ። ሚስትህስ ታውቃለች ወይ አሉኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ በእጄ ያለው አልበቃኝም ማለት ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ አልነገርኳትም አልኩ። አሁንስ ምን ይሰማሃል አሉኝ። "ቀለል ብሎኛል አባ። ይህን ጊዜ ሁሉ ለካ ሸክም ተሸክሜ ነው የኖርኩት!"

"ሩት ማናት?" አለች ትዕግሥት ከኋላዬ።

ድምፅዋ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። "ሰው አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። ይህም ነገሩን አባሰው። ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው፣ የሰው ልጅ አታልሎ ሰው አይደለችም ማለት ምን የሚሉት ብልግና ነው ብለው አፈጠጡብኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ሥር አልኩ፣ ከረሜላ አልኩ፣ ፀሐይና ቅባት አልኩ፤ ማን ይሰማኛል? በመጨረሻ ደሳለኝ ጋ ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "ደሱ፣ ሩት ማለት ምንድን ነው?" "ሥር ነዋ! ምነው፣ ስልኩ ሞተ እንዴ?" አለ። ቀድመው የነቁት ሀጂ እንድሪስ ናቸው። የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አውጥተው "ወላሂ፣ የኔም ሶላት ላይ ሳለሁ ከረሜላ ያፈነዳብኛል!" አሉና ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አባም ጋሽ ደምሴም አልቻሉም።

ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። ስልኩን ካልወደድከው ለምን አልነገርከኝም አለችኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አልኳት። "ሦስት ሽማግሌ ከሚመጣብኝ መከፋቱ ይሻለኝ ነበር!" አለችና እሷም በሳቅ ፈረሰች። እንባዋ እስኪፈስ ስትስቅ ሳያት እፎይ አልኩ። ሚስቴን እንዴት እንደምወዳት ያን ዕለት ነው ያወቅኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ ያለቀ ከመሰላችሁ ሽማግሌ አታውቁም ማለት ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል? ሦስቱ ጓሮ ወጥተው መከሩና ተመልሰው ተሰየሙ። አባ ፍርዱን ተናገሩ። እማማ አስካለ ስንመለስ የሚጠይቁን ሩት ወጣች ወይስ አልወጣችም ብለው ነው። አልወጣችም ብንል ይታመማሉ። ስልክ ናት ብንል ደግሞ እናንተንም አታለላችሁ ይሉናል። ስለዚህ ሩት ትውጣ! አንተም ጎረቤላ ወርደህ ጉልበት ሳም። ምን አጠፋሁና አልኩ። "ምንም አላጠፋህም" አሉኝ ጋሽ ደምሴ፤ "አንተ ካልሳምክ ታዲያ እሳቸው ሊስሙህ ነው?" ከዚያ ምሳ ተበላ፤ ያውም በደንብ ተበላ።

ደሳለኝ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መለሰልኝ። ከረሜላው ተመለሰ፣ ዜናው ተመለሰ። ባንኬም ታረቀኝና በሩን ከፈተልኝ። ደሳለኝ ለፎቶው የምትጨመር ትንሽ የማስቀመጫ ካርድ ሸጠልኝ፤ ቦታው በዚህችው ተገኘ። መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ብጠይቀው፣ አልጠየቅከኝም አለኝ።

ከዚያ ከትዕግሥት ጋር ጎረቤላ ሄድን። የገበያ ቀን ነበር፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንገዱን ሸፍኖታል። የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። አነሡኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝና "ምነው ከሳህብኝ?" አሉኝ። "አንተ" ሲሉኝ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ቀስ ብዬ ነገሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስልክ እኮ ናት እማማ አልኳቸው። እሳቸው ግን እጄን ያዝ አድርገው "ተወው ልጄ፤ ከወጣች ወዲያ ስልክ በላት ሌላ በላት፣ ግድ የለኝም" አሉኝ። ለጎረቤትም፣ ለዘመድም፣ ለገበያተኛውም ትቷታል ብለው ነግረዋል ለካ። ባገኘኝ ሁሉ ፊት ሊያኮሩኝ ብለው!

አሁን ጎረቤላ ውስጥ ያለኝን ክብር ብታዩ ትገረማላችሁ። ትልልቅ ሰዎች ተነሥተው ይቀበሉኛል። እናቶች ይመርቁኛል። ሚስታቸውን ይዘው ዕድሜ ልካቸውን በታማኝነት የኖሩ ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጠው ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ እኔ አይቻት የማላውቃትን ሴት ትቼ እከበራለሁ። መጀመሪያ ላይ እያስቆምኩ አስረዳ ነበር። ኋላ ሰለቸኝና ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ያን ጉልበት የሳምኩ ዕለት ልንመለስ መኪና ስንጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ቀረበኝ። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን ገለል አደረገኝ። "ወንድሜ፣ እንዴት አድርገህ ነው የተላቀቅካት?" አለኝ። ዓይኑ ያሳዝናል፤ የምሩን ነው። እኔም ደክሞኝ ስለነበር እንዳለ እውነቱን ነገርኩት። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሰው አለ፣ እሱ ነው ያላቀቀኝ፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅበት ነው፣ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ተጀመረ አልኩት።

"ግማሽ ቀን?" አለ።

"ግማሽ ቀን።"

ግራና ቀኙን ቃኘና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "በል እባክህ ቁጥሩን ስጠኝ" አለኝ። ሰጠሁት። መዝግቦ ሲያበቃ ትንሽ አመነታና ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለ።

"የኔዋ እንኳ አልማዝ ናት፤ አልማዝንም ይሠራል?"