የወይዘሮ ኮንሶርሲያ ጥላና የግራው መስመር ጉዳይ

የማሊግሊግ መንደር የሴቶች ሶፍትቦል ሊግ የደንብ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ማርች 14 ቀን 2009
ቦታ፦ ከጨዋታ ሜዳው አጠገብ ያለው የጸሎት ቤቱ አዳራሽ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡25 (የተጠራው ለ7፡30 ነበር)

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ክሪስፑሎ ማግባኑዋ፣ ሰብሳቢ፤ የሸንኮራ ሴቶች ቡድን አሠልጣኝ
2. አቶ ሩፊኖ ዴላ ሮካ፣ ዳኛ
3. አቶ አናስታሲዮ ጉምባን፣ አናጢ
4. ኤፒፋኒያ ላርጎ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አባ ሴልሶ፣ ክርስትና ስላለባቸው።
ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወይዘሮ ኮንሶርሲያ ፓልማሬስ፣ ዓሣ ነጋዴ፣ የገበያ ሴቶች ቡድን የግራ ክንፍ ተከላካይ፤ አቤቱታ አቅራቢ።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ባለፈው እሑድ የተቋረጠው የፍጻሜ ጨዋታ

ዳኛው ሪፖርት አቀረቡ። በመጨረሻው ዙር የገበያ ሴቶች የሸንኮራ ሴቶችን በአንድ ነጥብ እየመሩ ሳለ፣ የመጨረሻዋ መቺ ወደ ግራ የላከችውን ኳስ ወይዘሮ ኮንሶርሲያ ቀልበዋል፤ ይህም ጨዋታውን በገበያ ሴቶች አሸናፊነት የሚዘጋ ነበር። ነገር ግን ኳሱ ሲወረወር ከሜዳው የግራ መስመር ውጭ፣ በታሊሳይ ዛፉ ጥላ ሥር ቆመው ስለነበር ዳኛው ሳይቀበሉት ቀርተዋል። በተነሣው ጫጫታ ጨዋታው ቆሟል፤ ነገ ከዚያችው መቺ ላይ ይቀጥላል።

ጸሐፊዋ የደንቡን አንቀጽ 7 ሁለት ጊዜ አነበበች፦ "ኳስ ሲወረወር፣ ከመቺዋ ጀርባ ከምትቆመው ኋላ ቀላቢ በቀር፣ ተከላካዮች ሁሉ ሁለት እግራቸው ከመስመር ውስጥ ይሁን።"

ወይዘሮ ኮንሶርሲያ ዕድሜያቸው 63 መሆኑን፣ በጃንዋሪ ዓሣ መሸጫቸው ላይ ከወደቁ ወዲህ ሐኪም ፀሐይ እንደከለከላቸው፣ ቡድናቸው ያለ ተቀያሪ አሥር ብቻ ስለሆነ እርሳቸው ካልቆሙ ነገ በፎርፌ እንደሚሸነፍ አስረዱ። የሚከተለው ቃል በቃል እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ከጸሎት ቤቱ በር ትይዩ ነው የቆምኩት። እኔ ወደ ጥላው አልሄድኩም፤ መስመሩ ነው የሸሸኝ።"

ሰብሳቢው፣ እንደ ታላቅ እህት በአክብሮት እየጠሩ፦ "ማናንግ ኮንሶርሲያ፣ መስመር እግር የለውም እኮ።"

"የእኔም እግር ከመንቀሳቀስ ጡረታ ወጥቷል። ታዲያ ማን ሄደ?"

ወደ ውይይት ተገባ።

ሰብሳቢው ወይዘሮዋ ዣንጥላ ይዘው ከመስመር ውስጥ እንዲቆሙ ሐሳብ አቀረቡ። ዳኛው ኳስ ዣንጥላው ላይ ቢያርፍ ዣንጥላው ጓንት ነው ወይስ አጥር ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ አጥር እንዲባል ተወሰነ (ውሳኔ 1)። አቶ አናስታሲዮ አጥር ሮጦ አያውቅም በማለት በተቃውሞ ተመዝግበዋል።

ቀጥለው አቶ አናስታሲዮ፣ አንቀጽ 7 ኋላ ቀላቢን ነፃ እንደሚያደርግ፣ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደምትርቅ ግን እንደማይናገር ጠቅሰው፣ ወይዘሮዋ ሁለተኛ ኋላ ቀላቢ ተብለው ይመዝገቡ አሉ። ዳኛው ኋላ ቀላቢ ቁጢጥ ማለት አለባት ሲሉ ተከራከሩ።

ወይዘሮ ኮንሶርሲያ፦ "እኔ አንዴ ቁጢጥ ካልኩ የሚያስነሣኝ የትንሣኤ መለከት ነው፤ እሱም ቶሎ ከተነፋ።"

በርጩማ እንዲሰጣቸው ተወሰነ (ውሳኔ 2)። በስኳር የተጠበሰ ሙዝ ስለደረሰ ለሃያ ደቂቃ ዕረፍት ተወጣ።

አጀንዳ 2፦ መስመሩ እንዴት እንደሚሰመር (በዕረፍት ጊዜ የተነሣ)

ዳኛው እጃቸውን እየጠራረጉ ስለ ሙያቸው ሲያወጉ፣ የቀኙን መስመር የአዳራሹን የሲሚንቶ ምሰሶ፣ የግራውን ደግሞ አባታቸው እንዳስተማሯቸው የታሊሳዩ ግንድ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ እያዩ በኖራ እንደሚያሰምሩ ተናገሩ።

አቶ አናስታሲዮ፦ "ማኖንግ ሩፊኖ፣ ያ ዛፍ ባለፈው ጁን አውሎ ነፋስ ወደ ሜዳው አልዘመመም?"

ጉባኤው ሙዙን እንደያዘ ወደ በሩ ወጥቶ ዛፉን አየ፤ ዘሟል።

ሁለቱ መስመሮች መቺዋ በምትቆምበት መነሻ ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት ስላለባቸው፣ የጉባኤው ጠረጴዛ ወደ ሜዳ ወጥቶ አንዱ ማዕዘኑ በሰሌዳው ላይ፣ አንዱ ጎኑ በቀኙ መስመር ላይ እንዲደረግና ሌላው ጎኑ የግራውን መስመር እንዲያሳይ ተወሰነ (ውሳኔ 3)። ዳኛው ጠረጴዛው ራሱ ጠማማ ሊሆን ይችላል አሉ። አቶ አናስታሲዮ ጠረጴዛውን የሠሩት እርሳቸው በመሆናቸው ንግግሩ በስድብነት እንዲያዝላቸው አመለከቱ፤ ተይዟል።

በልኬቱ መሠረት የግራው መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ዛፉ ዘንድ ሲደርስ ልዩነቱ ስድስት እርምጃ ነው። ወይዘሮ ኮንሶርሲያ ባለፈው እሑድ የቆሙት ከትክክለኛው መስመር ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ነበር።

ወይዘሮዋ ጠረጴዛውን ተደግፈው ሰብሳቢውን ይመለከቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊዋ፣ የዲሴምበሩ ዋንጫ የተወሰነው የገበያ ሴቶች መትተውት ከዚያው ዛፍ ሥር ባረፈና "ውጭ" በተባለ ኳስ መሆኑን ከመዝገብ አነበበች። ዋንጫው አሁን በሰብሳቢው ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ይገኛል።

ሰብሳቢው ጠረጴዛው ቶሎ ወደ አዳራሽ እንዲመለስ አሳሰቡ። ዳኛው ከጁን ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ ማጫወታቸውን ገልጸው፣ ወንበር ጠየቁ። ውሳኔ 2ን መሠረት በማድረግ በርጩማው ለእርሳቸው ተሰጠ።

ወይዘሮ ኮንሶርሲያ፦ "ክሪስፑሎ፣ ዋንጫህ እዚያው አቧራውን ይጠጣ። እኔ የምፈልገው ጥላዬን ነው። ያቺን ኳስ ነገም እቀልባታለሁ። ሩፊኖ፣ አንተ ኳሷን ብቻ እይልኝ።"

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ይህም የዛሬው ብቸኛ አጭር ውይይት ነው፣ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ውሳኔ 4፦ ከ1 እስከ 3 ያሉት ውሳኔዎች ተሽረዋል። ጠረጴዛው ከአዳራሽ እንዳልወጣ፣ ምንም እንዳልተለካ ይቆጠራል። መስመሩ እንደ ልማዱ ይሰመራል፤ ዋንጫው ባለበት ይቆያል፤ አንቀጽ 7 አልተነካም። ዳኛው ግን ኳስ በሚወረወርበት ቅጽበት ዓይናቸውን ከኳሱ ላይ እንዳያነሡ፣ በተለይም ወደ ዛፍ እንዳይመለከቱ ተነግሯቸዋል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡10 ተዘግቷል። ጠረጴዛው አልወጣም ስለተባለ የሚመልሰው ሰው አልተመደበም። ይህ ቃለ ጉባኤ የተፈረመው ሜዳው ላይ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ኤፒፋኒያ ላርጎ፣ ጸሐፊ