በውክልና የተዘለለ ገመድ

ለሠራተኞቹ ጤና እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር መሥሪያ ቤት ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሐኪሙ ዋና ሥራ አስኪያጁን «የደም ግፊትዎ አሻቅቧል፤ ካልተንቀሳቀሱ ያሰጋዎታል» ባላቸው ማግስት መላው ሠራተኛ እንዲንቀሳቀስ መወሰኑ ለዚህ አርቆ አሳቢነት በቂ ምስክር ነው።

ለዚሁ ታላቅ ዓላማ አንዲት ወጣት የስፖርት አሰልጣኝ በሙከራ ተቀጠረች። የሥራ አስኪያጁ ግፊት ከወረደ ቋሚ ትሆናለች፤ ካልወረደ ትሰናበታለች። እርሷ ግን አልፈራችም። ሰው የሚሸሸው ስፖርትን ሳይሆን መሰልቸትን ነው ብላ ከልቧ ታምናለችና ፊኛዎች፣ ባለ ቀለም ገመዶችና ሙዚቃ ይዛ መጥታ የስብሰባ አዳራሹን ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፋች።

በመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ሥራ አስኪያጁም «አዝናኝ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለተቋማዊ ውጤታማነት ያለው ፋይዳ» በሚል ርዕስ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ማብራሪያው ሲያልቅ የስፖርቱም ሰዓት አለቀ። በዚያ ቀን ከሥራ አስኪያጁ ምላስ በስተቀር የተንቀሳቀሰ አካል አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አስቸኳይ ስብሰባ ስለገጠማቸው ምክትላቸውን ወከሉ። ምክትላቸው የመምሪያ ኃላፊውን ወከሉ፤ የመምሪያ ኃላፊው ደግሞ የሂሳብ ሹሙን። ውክልናው እንዲህ ደረጃውን ጠብቆ ሲወርድ ሲወርድ መዝገብ ቤት ደረሰ፤ ከዚያ በታች የሚወከል ሰው ስላልተገኘ ቆመ። መላውን ተቋም ወክለው አዳራሽ የገቡት፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ቋ ቋ የሚል፣ ከውፍረታቸው የተነሳ «እትዬ ትራስ» የሚባሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ።

«ሌሎቹስ?» አለች አሰልጣኟ በሩን በሩን እያየች።

«ሌሎቹ እኔ ነኝ።»

«ገመድ ጉተታ ነበር ያሰብኩት፤ ብቻዎን እንዴት ይሆናል እትዬ?»

«አንቺ የለሽም እንዴ? በይ ያዢ ልጄ፤ መጀመሪያ የምክትሉን ድርሻ ልጎትት።»

ተጓተቱ፤ ወደቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ትራስ ለሂሳብ ሹሙ ፊኛ ያባርራሉ፣ ለመምሪያ ኃላፊው ይደንሳሉ፣ የሥራ አስኪያጁን ገመድ የሚዘሉበት ተራ ሲደርስ ደግሞ «ለእሳቸውማ ጠንከር ይበል፤ ትልቅ ሰው ናቸው» እያሉ ሙዚቃውን ያስጨምራሉ። ሳቃቸው ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁም «ስፖርታችን እንዴት አዝናኝ ሆኗል!» እያሉ ኬካቸውን ይቆርሳሉ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ትራስ ጉልበት ዝም አለ፤ ቀሚሳቸው ሰፋቸው፤ ደረጃውን እየዘፈኑ ይወጡት ጀመር።

የምርመራው ቀን ሲደርስ የሥራ አስኪያጁ ግፊት ጭራሽ ብሶ ተገኘ። ወዲያው አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ፤ እትዬ ትራስና አሰልጣኟም ቀረቡ።

«በማን ስም ነበር የሚዘሉት?» ሲሉ እትዬ ትራስን ጠየቁ ሥራ አስኪያጁ።

«በእርስዎ ነዋ ጌታዬ። በሙሉ ውክልና።»

«ታዲያ ውጤቱ የታለ?»

እትዬ ትራስ የሰፋ ቀሚሳቸውን ዝቅ ብለው አዩት። «እኔ ላይ ቀረ መሰለኝ።»

«ቀረ? ወይስ አስቀሩት?»

አሰልጣኟ አላስቻላትም፤ ብድግ አለች። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ላብ እኮ አይወከልም! እርስዎ ራስዎ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ቢሉ...»

«ተቀመጪ፤ ያንቺ ጉዳይ ቀጥሎ ነው።»

ጉባኤው በጥልቀት ከመከረ በኋላ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በተቋሙ ስም የተገኘን ጤና ለግል ጥቅማቸው ስላዋሉ ጥፋተኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ ያለ አግባብ የቀነሱትን ክብደትም በአፋጣኝ እንዲመልሱ ታዘዋል። አሰልጣኟ ይህንኑ አዝናኝ በሆነ መንገድ ታስፈጽም ዘንድ በቋሚነት ተቀጥራለች።

«በቋሚነት» የሚለውን ቃል ስንት ቀን እንደተመኘችው! አሁን ግን «አልፈልግም» ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ ትራስ በክርናቸው ጎሸም አደረጓትና ሹክ አሏት፦

«ዝም ብለሽ እሺ በይ ልጄ። ለመወፈሩ እኔ ሥራ አስኪያጁን ወክያለሁ፤ እሳቸው እንደሁ ሥራውን አላቋረጡም።»

አሰልጣኟ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሳቀች።

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ወደ ጉባኤው ዞረው፤ «ውሳኔ ማለት እንዲህ ነው፤ ገና ሳይጀመር አዝናኝ ሆነ!»

ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁም አብረው ሊቆሙ ሞከሩ፤ ትንፋሽ አጠራቸውና ጭብጨባውን ተቀምጠው ተቀበሉ።