ለጠያቂ የታሰረ ክንድ

ሰው ትከሻ እንዳለው የሚያውቀው መቼ ይመስላችኋል? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትከሻ ማለት ሸሚዝ የሚያርፍበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ለሰላምታ እንጋጭበታለን፣ ፎጣ ጣል እናደርግበታለን፣ ነገሩ አልገባን ሲል ሰበቅ እናደርገዋለን። ከዚያ በቀር ስለ እሱ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ማን አለ? እሱም አይናገር፣ እኛም አንጠይቀው፤ አንድ ቀን ያኮርፍና ጉዳችን ይፈላል።

የእኔ ያኮረፈው ከጀውሃ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ነው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አቧራቸውን አራግፈው ሲነሱ የእኔ የቀኝ ትከሻ ጅማት ተበጥሶ ቀረ። አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ጥገና ተሰፋልኝ። እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ቀኑን ሙሉ ክንዱን አንስቶ የሚውል ፍጡር ነው፤ ቀኙ አልነሳም ካለው መቀሱን ሰጥቶ ሌላ ሥራ መፈለግ ነው። ሌላ ሥራ ደግሞ አላውቅም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ስፈራ ጥያቄ አበዛለሁ። ሐኪሙን በምን ክር እንደሰፉት፣ ክሩ ውስጥ ቀርቶ ምን እንደሚሆን፣ ትከሻዬ ተከፍቶ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሁሉ ጠየቅኳቸው። ታጋሽ ሰው ነበሩ፣ አንድ ሳይቀር መለሱልኝ፤ የመጨረሻውን ሲመልሱልኝ ግን ምነው ባልጠየቅኩ አሰኘኝ። ሲያሰናብቱኝ፣ ክንዴን ከአንገቴ አንጠልጥሎ የያዘውን ማንገቻ ቤት ውስጥ በየጊዜው እያወለቅኩ ክርኔን እንድዘረጋ፣ ጎንበስ ብዬም ክንዴን ቁልቁል ለቅቄ እንዳወዛውዝ አዘዙኝ። አለዚያ ደብረ ብርሃን ፊዚዮቴራፒ የምጀምርበት ቀን ሲደርስ ክንዴ ደርቆ ይጠብቀኛል።

ቀላል ትእዛዝ ነው አይደል? ቀላል የሚሆነው ጠያቂ ለሌለው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ታሞ ብቻውን አይተኛም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ የጀመረ ጠያቂ እስከ ምሽቱ መግሪብ አያቋርጥም፤ አንዱ ማንጎ፣ አንዱ ፓፓያ፣ አንዱ ዱዓ ይዞ ይመጣል። ታዲያ በዚህ የቆላ ሙቀት ላቡን እየጠረገ የመጣ ሰው ሕመሙን ማየት ይፈልጋል። እውነቱን ተናገሩ፤ እናንተስ ልትጠይቁት የሄዳችሁት በሽተኛ እጁን እያወዛወዘ በር ላይ ቢቀበላችሁ ቅር አይላችሁም?

እኔ አንድ ከሰዓት ማንገቻውን አውልቄ ክንዴን ሳወዛውዝ አንድ ጎረቤት አየኝ። የአስር ሶላት ሳይሰገድ "ኢብራሂም ለካ ድኖ ነው የተኛው" የሚል ወሬ ከገበያ ዞሮ እኛው ቤት ደረሰ። ባለቤቴ ዘይነባ ወሬውን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ሰው አክብሮህ ሲመጣ ጤነኛ ሆነህ ትጠብቀዋለህ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ማንገቻው ይጠለቅልኛል። በሩ ደግሞ መንኳኳቱን አያቆምም። ውሎ አድሮ ማውለቁንም ተውነው። አንድ ቀን ፂሜን ላስተካክል ብዬ ማበጠሪያ ባነሳ ክርኔ አልዘረጋ አለ። ደብረ ብርሃን ለምትጠብቀኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስልክ ደወልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

"ጠያቂዎች ያላዩት ሕመም አይድንም ያለዎት ማነው?" አለችኝ። "እንቅስቃሴውን እነሱ ፊት ይሥሩት።" እንቅስቃሴ ጨመረችልኝ፦ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስኬድ፣ ሲያመኝ ማቆም።

በማግስቱ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ስጎትት የገቡት ጋሼ ሰይድ ናቸው። ጋሼ ሰይድ በወጣትነታቸው ከአሊዩ አምባ መጥተው እዚህ ሽንኩርት ሲነግዱ የኖሩ፣ የታመመ ለመጠየቅ ማንም የማይቀድማቸው ሰው ናቸው። የሚታወቁት በትህትናቸው ነው። እኔና እናንተ ቀኛችንን በግራችን ደግፈን የምንጨብጠው ትልቅ ሰው ስናገኝ ነው፤ እሳቸው ግን ለሕፃኑም ለባጃጅ ነጂውም እጃቸውን እንዲያ ደግፈው ነው የሚሰጡት። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ የሚጠሩት የእሳቸውን ስም ነው።

"ምን እየሆንክ ነው ኢብሬ?"

"ለፊዚዮቴራፒ እየተዘጋጀሁ ነው ጋሼ።"

"ማሸት ነው?"

"በማሸትማ የሚለፋው ሌላ ሰው ነው። ይሄ የራስ ልፋት ነው።"

ጋሼ ሰይድ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ጠጋ ብለው ያዩኝ ጀመር። ያኔ ያቺ የማትለቀኝ የማወቅ ጉጉት ተነሳችብኝ። ጤነኛ ክንድ የት ድረስ ይደርሳል? ከሰል አንስቼ "እስቲ ያሳዩኝ ጋሼ፣ ምልክት ላድርግበትና እሱን እያየሁ ልልፋ" አልኳቸው። እሺ ብለው ቀኛቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ወዲያው ግራቸው መጥቶ ክርናቸውን ደገፈ።

"ለግድግዳም ትህትና ነው እንዴ?" አልኩ እየሳቅኩ።

ግራቸውን ከክርናቸው ላይ አነሱ። የቀኛቸው ጣቶች ደረታቸው ትይዩ ደርሰው ቆሙ። ገፋ ለማድረግ ሞከሩ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ እጃቸው ወረደ። ውሃ ይዛላቸው የመጣችው ዘይነባ እዚያው ቆማ ቀረች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"እኔ እንጃ" አሉ። "ማንም አንሳ ብሎኝ አያውቅም።"

አንጀቴን በሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እኛ ትህትና ስንለው የኖርነው ነገር ሕመም ኖሯል። ትሑት አይደሉም ማለቴ አይደለም፤ ትሑት ባይሆኑማ ይናገሩ ነበር። ግን ከተማውን ሁሉ የጠየቁ ሰው አንገታቸው ላይ የታሰረ ነገር ስለሌለ አንድ ፓፓያ ይዞ የሄደላቸው የለም። ደብረ ብርሃን አብረን እንሂድ ብላቸው ተስማሙ። "ለሰው ግን እንዳትናገር፣ በዚህ ዕድሜ ክንዴን አመመኝ ብዬ ሰው አላስቸግርም" አሉኝ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ በየቀኑ እየመጡ ጎን ለጎን ግድግዳ እንቧጥጣለን። የእኔ ክርን መዘርጋት ጀምሯል፤ የእሳቸው ገና ነው። ጠያቂ ሲመጣ እሳቸው እጃቸውን ያወርዳሉ፣ በሽተኛው እኔ ብቻ እሆናለሁ።

ትናንት ግን ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ሳያንኳኩ ገቡ። ፓፓያቸውን እንዳቀፉ በር ላይ ቆመው አንዴ እኔን አንዴ ጋሼ ሰይድን አዩ።

"የትኛችሁን ነው የምጠይቀው?" አሉ።

ዘይነባ እኔን አየችኝ። እኔ ለሰው ላልናገር ቃል ገብቻለሁና ጣቶቼን ግድግዳው ላይ ማስኬዴን ቀጠልኩ። ጋሼ ሰይድ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ፣ እጃቸውንም ሳያወርዱ፣

"ሁለታችንንም" አሉ።