ባለ አራት ወንበሩ ደም

ትናንት የተማረውን ዛሬ ለአስተማሪው የሚያስተምር ሰው የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። አለ ከተባለም ገና ስልክ አልገዛም ማለት ነው። በእኛ ቤተሰብ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የታናሽ እህቴ ባል፣ ክቡር ሊቀ ሊቃውንት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኛ ጊዜ መጽሐፉ ጀርባው በጨርቅ የተለበጠ፣ ሲገለጥ የቁም ሣጥን ሽታ የሚሸት ነበር። አንዲት ልብ ለመሳል ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብን ነበር፤ አንዴ ከተሳለች ግን ዕድሜ ልክ ከአእምሮ አትጠፋም። ባትሪም አትጨርስም።

ጣጣው የጀመረው ሐኪሙ እህቴን «የደም ማነስ አለብሽ» ካላት በኋላ ነው። ከአሥራ ሁለት በላይ መሆን የነበረበት ሄሞግሎቢኗ ወደ ስምንት ወርዷል። የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቁጭ ትላለች፤ እኔም ሳያት «ተነሽ እንጂ፣ ሳታረጂ» እላታለሁ። ሐኪሙ ለሦስት ወር የሚዋጥ የብረት ኪኒን አዘዘላት። ሦስት ቀን ውጣ አቅለሸለሸኝ ብላ ተወችው። ታላቅ ወንድም ነኝና መጽሐፌን ይዤ ሄጄ፣ ደም ኦክስጅንን ከሳንባ እስከ ጣት ጫፍ እንዴት እንደሚያደርስ፣ ያለ ብረት ደግሞ ይህ እንደማይሆን በሥርዓቱ አስረዳኋት። ደም መልስ ላይ ስደርስ አንቀላፋች። ስትነቃ ድምፄ እንቅልፍ እንደሚያመጣ ነገረችኝ። ይህን ለደም ማነሷ ሰጥቼ አለፍኩት።

በዚህ መሐል ክቡርነታቸው አንድ አፕ አገኙ። ስክሪኑ ላይ ቀይ የደም ሴል ይሄዳል፤ በጣት እየገፉ ሳንባ ላይ ኦክስጅን ያሳፍሩታል፣ ጡንቻ ላይ ያወርዱለታል። ሃያ ዓመት ሰው ሲያሳፍሩ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ መገመት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። እንግዳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩ አፍንጫው ሥር ይደቀናል። «ንካው፣ አይናከስም።» የዩኒቨርሲቲያቸው መፈክር ይህች ናት። ቲኬት ቆራጩን አስነክተዋል። ፍሬን ሊያይ የመጣውን መካኒክ ግሪስ በለበሰ ጣቱ አስነክተዋል። ቀይ መብራት አጠገባቸው ያቆመውን የታክሲ ሹፌር በመስኮት ሲያስተምሩ መብራቱ ሁለት ጊዜ ተቀያይሯል፤ ከኋላ የነበረው ሕዝብ በጥሩንባ የሰጣቸውን ምርቃት እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እኔን ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ።

«ጋሼ፣ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት። ወሬውን ሰምቻለሁ አልኩ።

«ባለ አራት ወንበር ነው» አሉኝ።

ሄሞግሎቢን ወንበር የለውም። አራት የብረት አተሞች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይይዛል። ይህን ጠመኔ የያዝኩ ያህል ተጠንቅቄ ዘረዘርኩላቸው። በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እኮ፤ አራት ወንበር» አሉ።

የባሰውም መጣ። ኦክስጅኑን ያራገፈው ደም ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ሊቀ ሊቃውንቱም ደም ባዶውን ሲመለስ ሰማያዊ መሆኑን አወጁ። ደሜ ፈላ፤ እሱም ቢሆን ቀይ ነበር። የሰው ደም ቢበዛ ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም ብዬ፣ ማስረጃ ላመጣ ቤቴ ድረስ ሄድኩ። የተማሪነት ደብተሬን ገለጥኩ። ደም ቅዳ በቀይ፣ ደም መልስ በሰማያዊ፤ በገዛ እጄ፣ ከመስመር ሳይወጣ ተቀብቷል። ከሥሩ አስተማሪዬ «በጣም ጥሩ» ብለው ፈርመውበታል። ደብተሩን ዘጋሁት። ስመለስ፣ ማስረጃው ጠፋብኝ አልኳቸው።

ሻይም ተከልክሏል። ከኪኒኑ ጋር ሻይ ከተጠጣ ብረቱ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም ይላል አፑ፤ ይህስ እውነት ነው። ግን ኪኒን የታዘዘላት እህቴ ናት፤ እሷም አትውጥም። ብርጭቆ የተነጠቀው ግን ከእኔ እጅ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁርጡን ልነግራቸው ሄድኩ፦ ሚስትህ የሚያስፈልጋት መድኃኒት እንጂ ጨዋታ አይደለም። በሩ ገርበብ ብሏል። እህቴ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዛለች፤ ባሏ እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አፑ የብረቱን መጠን ዝቅ ማድረግ ያስችላል፤ ዝቅ አድርገውላታል። እህቴ በጣቷ ትገፋለች፣ ሴሎቹ ይመላለሳሉ፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ደረጃ የምትወጣ አንዲት ሴት አለች፤ እሷ ግን መሐል ላይ ቀጥ አለች።

«ምነው ቆመች?»

«ወንበር የለማ። አውቶቡሱ ይመላለሳል፣ የሚጭነው ግን ትንሽ ነው። አንቺ ደረጃው ላይ ቁጭ የምትይው ሰንፈሽ መስሎሻል። አልሰነፍሽም።»

እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ «ተነሽ እንጂ» ያልኳትን ቆጠርኩ፤ ብዙ ነው።

«ታዲያ ወንበሩን ማን ይሠራዋል?» አለች።

«ኪኒኑ ነዋ። እኔ እንደሆን ከመንዳት በቀር አላውቅም።»

ሳቀች። ከዚያ ውሃ አምጣ አለቻቸው፤ ቢያቅለሸልሸኝ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው አለች። የኔ ይሁን ብለው ተነሡ።

ተናድጃለሁ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ያን ሁሉ ዘመን የጠመኔ አቧራ የዋጥኩት አንድ አውቶቡስ ነጂ በአንድ ጣት ሊቀድመኝ ኖሯል።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ባል ከክሊኒኩ ኮሪደር ነው የሚደውለው። ውጤቱ አሥራ ሁለት ተኩል መግባቱን አልነገረኝም፤ እሱን ቆይቼ ከእህቴ ነው የሰማሁት።

«ጋሼ» አለኝ። «ወንበሩ ተሠርቷል።»

ወንበር አይባልም ልለው አፌን ከፈትኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የተሳሳተ መልስ ሳላርም አልፌ አላውቅም።

«ሁሉም ተቀመጠ?» አልኩት።